ቂም ያለው አይምረጥ

ነሐሴ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይህ ደብተር የናጅዋ ነው። ያገኘኸው ሰው፣ መልስ። አንብበህ ከሆነ የምትመልሰው ዐይነ ማዝ ይያዝህ።

ፌስቡክ ላይ የማይጻፍ ነገር ሲበዛብኝ ነው ወደ ወረቀት የዞርኩት። ህሊና «የአያቶቻችን ፌስቡክ» ብላ ሳቀችብኝ። ላይክ የለው፣ ኮመንት የለው። ግን ካርድ አይበላም፤ ማን እንደጻፈውም ከሥሩ አይወጣም።

እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። «የመርሳ ልጆች» የሚባለውን ገጽ የምናስተዳድረው ሦስት ነን። መሥራቹ ዮሴፍ ነው፣ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ከዚያ ጓደኛዬ ህሊና፣ ከዚያ እኔ። ማክሰኞ ማክሰኞ በገጹ ስም «ዝንጀሮዋ» ትወጣለች። ተራራ ላይ ቁጭ ብላ መርሳን የምታይ፣ ያየችውን የምትናገር ዝንጀሮ ናት። «ዛሬ ሽማግሌዎቹ ለልማት ስብሰባ ገቡ፤ ልማቱ ለስላሳ ነበር፤ እየተጎነጩ አጸደቁት።» «ሊቀመንበሩ እስከ ምሳ ተናገሩ። ‘ጥያቄ ያለው?’ ሲሉ አንድ ሰው ተነሳ፤ ሊወጣ ነው።» ከተማው ይስቃል። ማን እንደምትጽፈው ማንም አያውቅም። አድሚን የሆነ ሰው ግን ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር በደቃቅ ፊደል ያያል፦ የለጠፈችው ናጅዋ።

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግነውን ሀብቴን ወሰዱት። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ግን ሁሉም ያውቃል።

ዝንጀሮዋ በዚህ ማክሰኞ ጉንፋን ይዟት አልወጣችም።

ነሐሴ 18

ዮሴፍ የመመረቂያ ጽሑፍ ስላለበት አራተኛ አድሚን ይመረጥ አለ። አመራረጣችን እንዲህ ነው፤ አድሚን መሆን የፈለገ ሰው የነባር አባላት ሜሴንጀር ላይ ማመልከቻውን ይጽፋል፣ እኛ ሃያ የምንሆን ነባር አባላት ደግሞ «ይሁን» ወይም «አይሁን» ብለን ከነምክንያቱ ድምፅ እንሰጣለን። አንድ ሕግ ብቻ አለን፦ ቂም ያለው አይምረጥ።

ሕጉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ለቀልድ። አያቴ አባባ ኑርሁሴን አስታራቂ ናቸው። ሁለት ቤተሰብ ደም ሲቃባ፣ መሬት ሲገፋፋ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እሳቸው ዘንድ ይመጣል። አምና እኔና ህሊና ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ ተደብቀን ሲያስታርቁ አየን። አንድ ሽማግሌ «ቂም ያለህ ተነስ» አሉ። ሰውዬው ተነሳ። ክንዱን ይዘው ወሰዱት። እኔም ገጹ ላይ ሰው በሰው ላይ ቂሙን እየተወጣ ድምፅ ሲሰጥ «እንደ ሽማግሌዎቹ እናድርግ፣ ቂመኛ ይውጣ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም የጋቢ ሥዕል ለጠፍኩ። ሁሉም ሳቀና አጸደቀ። ለስላሳ እንኳ አልነበረም።

ነሐሴ 20

መልካሙ አመለከተ።

ነሐሴ 20፣ ማታ

አሁን ልጻፍ።

መልካሙ የአንድ ለአምስታችን መሪ ነው። አንድ ለአምስት ማለት አምስት ተማሪ በአንድ መሪ ሥር ተሰብስቦ፣ አብሮ እያጠና፣ እርስ በርሱ እየተገማገመ እንዲማር የተባለው ነው። እኛ ዘንድ ማጥናቱ ቀርቶ መገማገሙ ብቻ ቀጥሏል። እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ «በጥንካሬ የታየ፣ በድክመት የታየ» ይላል። ከኛ ሁለት ዓመት ነው የሚበልጠው፤ አነጋገሩ ግን ጡረታ የወጣ ነው። አምና «ናጅዋ በሳቅ በኩል ችግር አለባት» ብሎ ጽፎብኝ ወላጅ አምጪ ተባልኩ። ያው፣ ምንም አይደለም። በወላጆች በዓል መድረክ ላይ እስክሪብቶ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እሱን ሆንኩ። ፍየል ገመገምኩ። ፍየሏ በቅጠል በኩል ችግር ነበረባት። ሕዝቡ ወንበር እስኪለቅ ሳቀ።

ስለዚህ ቂም እንዳለን መርሳ በሙሉ ያውቃል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ቂሙ አይደለም። ሀብቴ በተወሰደ ዋዜማ የእናቴን ስልክ ላሠራ ስሄድ መልካሙ ሀብቴ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ስልክ አልያዘም፣ የሚያሠራውም አልነበረውም። በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እያነበበ ነበር። በቃ፣ ያየሁት ይሄን ነው። ምንም ላይሆን ይችላል። አንድ ሰው በርጩማ ላይ መቀመጥ መብቱ ነው።

አድሚን ከሆነ ግን ደቃቁን ፊደል ያያል።

ነሐሴ 25

ድምፅ ተሰጠ። እኔ «አይሁን» አልኩ። ዮሴፍ «ምክንያት?» አለ። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። «ሀብቴ ሱቅ ውስጥ አይቼዋለሁ» ተብሎ ሃያ ሰው የሚያነበው ቦታ ላይ ይጻፋል? ያላጣራሁት ነገር፣ ያውም በዚህ ጊዜ? በመጨረሻ «እንዲሁ» ብዬ ላክሁ። እንዲሁ። የመርሳ አንደኛ ምላሰኛ «እንዲሁ» አለች።

መልካሙ ወዲያው ጻፈ፦ «እህታችን ናጅዋ በኔ ላይ የግል ቂም እንዳላት የታወቀ ነው። እኔ ግን አልተቀየምኳትም። ሕጉ ይከበር እላለሁ።» አውራ ጣት ዘነበለት።

የኔ ድምፅ ከተቆጠረ እኩል ለእኩል ነው፤ እኩል ከሆነ ደግሞ አይገባም። ከተጣለ በአንድ ድምፅ ይገባል። ዮሴፍ «ከበዓል በኋላ እወስናለሁ» አለ። ዮሴፍ ከበዓል በኋላ የማያደርገው ነገር የለም።

ህሊና «ይሁን» ብላለች። ህሊና።

ጳጉሜን 3

ህሊናን ወፍጮ ቤት አገኘኋት። ጫጫታው ስለሚሸፍን ጥሩ ቦታ ነው።

«እንዴት ‘ይሁን’ ትያለሽ?» አልኳት።

«ምን ልበል ታዲያ?»

«የማክሰኞዋን ማን እንደሚጽፋት እያወቅሽ?»

ዱቄቱን ከቅንድቧ ጠረገች። «ለወንድሜ ሥራ የድጋፍ ደብዳቤ ከቀበሌ ጠይቀናል። የሚፈርሙት የመልካሙ አጎት ናቸው። እናቴ ‘እንዳታስቀይሚው’ ብላ አስምላኛለች።»

«ስለዚህ ፈርተሽ ነው።»

«ፈርቼ ነው።»

«እና ያንቺ ይቆጠራል፣ የኔ ይጣላል?»

«ሕጉ ‘ፈሪ አይምረጥ’ አይልም» አለችኝ። «ያወጣሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

ዱቄቴን ተሸክሜ ወጣሁ። እቤት ከገባሁ በኋላ ነው የተናደድኩት፤ እሱም በራሴ።

መስከረም 2 ቀን 2009

ትናንት እንቁጣጣሽ፣ ዛሬ አረፋ። ህሊና ትናንት ዶሮ አበላችኝ፣ እኔ ዛሬ በግ አበላኋት። ስለ ድምፁ አላነሳንም።

አባባ ኑርሁሴን ከሰላት መልስ ጠሩኝ። «ናጁ፣ ያቺ ዝንጀሮ ምን አለች?» ከስልኬ አነብላቸው ነበር። አንዴ እሳቸውንም ጽፋቸዋለች፤ «አንድ አስታራቂ ክርክሩ ሲረዝም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ሲነቁ ‘ልክ ነው’ ይላሉ፤ ሁለቱም ወገን ለሱ የተባለ መስሎት ይታረቃል» ብላ። ያኔ እንባቸው እስኪመጣ ስቀው ነበር።

«የለችም አባባ፣ ጠፋች» አልኳቸው።

«ጅብ በላት?»

«እንጃ።»

ስልኬን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

መስከረም 14

ለህሊና «የዝንጀሮዋን ጽሑፎች ላጥፋቸው?» አልኳት። «ከጠፉ ‘ምን ነበረ?’ ይላሉ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ሌላም አለ። የጻፍኩትን እንደ ድመት አፈር ማልበስ አልፈልግም። ሳላጠፋ ቀረሁ። ጀግና ስለሆንኩ ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሲመሽ ግን የግቢያችን በር በነፋስ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ስልኩን ትራሴ ውስጥ እከታለሁ።

መስከረም 26

ዮሴፍ ከሰዓት ወስኖ ኖሯል፤ እኔ ያየሁት ከመሸ ነው። «ሕግ ሕግ ነው። የናጅዋ ድምፅ በቂም ምክንያት አልተቆጠረም። መልካሙ አልፏል። ዛሬ ማታ አስገባዋለሁ።» ከሥሩ አውራ ጣት፣ አውራ ጣት፣ አውራ ጣት።

ላጠፋ ነው። ሁሉንም። አሁኑኑ።

ዳታ የለም።

ካርድ ሞላሁ። የለም። ጣሪያ ሥር፣ ግቢ፣ የውሃ ጋን ላይ ቆሜ። የለም። የጎረቤት ልጅም «የኔም ጠፋ» አለ። ዮሴፍ ጋ ደወልኩ፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ»።

ዮሴፍ ያስገባው ዳታው ሳይጠፋ በፊት ነው ወይስ አላስገባውም? ያ ረቢ።

መስከረም 29

አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ሰማች፤ ስትቆም አይቻት አላውቅም፣ ሁሌ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች ነው የምታየው። ከዚያ ስልኬን ተቀብላ፣ መክፈት እንኳ ሳታውቅበት፣ በሻሽ ጠቅልላ ጤፍ ጎተራ ውስጥ ከተተችው። «ምን አለበት?» አላለችኝም። ይሄ ነው የባሰው። አለመጠየቋ።

አባቴ በጭነት መኪና ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። በጎረቤት ስልክ ደወለና «ልጆቹ ሰላም ናቸው?» ሲል «ናጅዋ ሰላም ናት» አለችው። የጠየቀው ስለ ሁላችንም ነው።

ጥቅምት 8

ትምህርት ቤት። መልካሙ ከኋላዬ መጥቶ፣ እየሳቀ፣ «ዝንጀሮዋ ጠፋች አይደል?» አለኝ።

ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። የዳቦ ቤቱ ሰውዬም ጠይቆኛል።

እሱ ግን እኔን ነው የጠየቀኝ። እየሳቀ።

ጥቅምት 9

ማታ ሞተር ሳይክል በራችን ላይ ቆመ። ለጎረቤት ነበር።

ጥቅምት 11

ሞተር ሳይክል። ለጎረቤት። ያ ጎረቤት ሌላ ወዳጅ የለውም እንዴ?

ጥቅምት 17

የሀብቴ ሱቅ ቆርቆሮው እንደተዘጋ ነው። እናቱ በየጠዋቱ መጥተው ደጃፉን ጠርገው ይሄዳሉ። ዛሬ ቆሜ ሳያቸው «ምን ነበር ልጄ፣ ስልክ ሰጥተሽው ነበር?» አሉኝ። «አይ» አልኩ። ዋሸሁ፤ የእናቴ ስልክ እስካሁን እዚያ ውስጥ ነው። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። አፌ ከኔ ቀድሞ ፈራ።

ጥቅምት 24

ማሽላው ደርሷል፤ ወፍ ጥበቃው የኔና የአያቴ ተራ ነበር። እኔ ማማው ላይ በወንጭፍ፣ እሳቸው ጥላ ሥር በድምፅ። ድምፃቸውን ከወፉ ይልቅ የሲሪንቃ ሰዎች ሳይሰሙት አይቀሩም። ብቻችንን መሆናችንን ሳይ ወረድኩ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቀሽ ስታበቂ ነው ፈቃድ የምትጠይቂ። በይ።»

«በእርቅ ላይ ቂም ያለበትን ሰው ለምንድን ነው የምታስወጡት?»

«ማን አስወጣው?»

«አይቻለሁ። ‘ቂም ያለህ ተነስ’ አሉ፤ ተነሳ፤ ክንዱን ይዘው ወሰዱት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… ስንስቅ አያችሁንና ሸሸን።»

አያቴ ረጅም ጊዜ ሳቁ፤ ወፎቹ በሳቃቸው ተነሡ። «እግርሽ ነዋ የረታሽ። ብትቆዪ ሲመለስ ታዪው ነበር። ገለል አድርገን ‘ቂምህ ምንድር ነው’ እንለዋለን። ይነግረናል። ከዚያ አምጥተን መሀል እናቆመዋለን፣ ለሁሉም ይናገራታል። ያን ጊዜ ቃሉ እንደማንኛችንም ቃል ይሰማል። ቂሙን አውቀናላ፤ መዝነን እንወስዳታለን።»

«አይወጣም?»

«የሚወጣ ቂም እያለው ‘የለኝም’ ያለ ነው። ቂም የሌለው ሰው ብንፈልግማ ከዚህ እስከ ሐራ ማን ይመሰክር? የሰውን ክፋት አብልጦ የሚያውቅ የተበደለው ነው። አብልጦ የሚያጋንንም እሱ ነው። ሁለቱንም ነው መስማት።»

አፈር ጫርኩ። «የፈራስ? የፈራ ሰው ቃል ይሰማል?»

ይሄን ጊዜ አልሳቁም። «የፈራ ሰው ቃል የሱ አይደለችም። የዚያ የሚፈራው ሰውዬ ናት።»

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዝንጀሮዋ ፈርታለች?» አሉኝ።

«ፈርታለች» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

«የኔን እንቅልፍ ስትጽፍ ነው ያወቅኋት። ያን የሚያውቅ የቤት ሰው ነው።» እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «አብሽሪ።»

አብሽሪ ብለው ግን ዞረው መንገዱን አዩ። እሳቸውም። የመርሳን ደም ሁሉ ያደረቁት ሰውዬ፣ ለእኔ አብሽሪ ብለው፣ የሰማ ሰው እንዳለ ዞረው አዩ።

ኅዳር 6

አደረግኩት።

አንድ ለአምስት ላይ መልካሙ «ሌላ ሐሳብ ያለው?» አለ። እጄን አወጣሁ።

«ቂም አለኝ» አልኩ። «ባንተ ላይ። በሳቅ በኩል ችግር አለባት ብለህ ስትጽፍ እናቴ ከምትሸጠው ቲማቲም ላይ ተጠርታ መጣች። በሰው ፊት ‘ልጅሽን መቅጣት ካልቻልሽ ለምን ወለድሽ’ ተባለች። እናቴ እስከ ቤት ድረስ አላናገረችኝም። መድረክ ላይ የሠራሁብህ ለዚያ ነው። አሁንም ሳይህ መንገድ እቀይራለሁ። እናንተም እወቁት፣ አንተም እወቀው። ከዚህ በኋላ ስላንተ የምለውን በዚህ መዝኑት።»

መልካሙ እስክሪብቶውን ከጆሮው አወረደ። ይጽፋል ብዬ ጠበቅሁ። አልጻፈም።

«እኔም አለኝ» አለ። «ያን ዕለት አባቴ መጥቶ ነበር። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው እሱ ነው። እስካሁን እቤት ‘ፍየሏስ?’ ይለኛል።»

ማንም አልሳቀም። እኔም። ከዚያ እስክሪብቶውን እየከፈተ እየዘጋ፣ ቀና ሳይል እንዲህ አለ፦

«የሀብቴን ግን እኔ አይደለሁም።»

ስለ ሀብቴ ማንም አላነሳም ነበር።

ኅዳር 7

ከተማው ሁሉ ስለሚጠረጥረው ይሆናል የተናገረው። የተጠረጠረ ሰው ሳይጠየቅ ይምላል።

ወይም ስላደረገው ነው። ያደረገም ሳይጠየቅ ይምላል።

ሌሊቱን ሁለቱን እያገላበጥኩ አደርኩ።

ኅዳር 23፣ ጁምዓ

ከሰላት በኋላ ከተማው በአንድ ጊዜ ጮኸ። ዳታ ተመልሶ ነው፤ የየሰዉ ኪስ ትንን፣ ትንን ይላል። እናቴን ለምኜ ስልኬን ከጎተራ አወጣሁ። በጤፍ ተሞልቷል። ቻርጅ ሰካሁት። ጮኸ።

ገባሁ። ዮሴፍ አስገብቶታል፤ መስከረም 26 ማታ፣ ዳታው ከመጥፋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ። ወደ ዝንጀሮዋ ወረድኩ።

የሉም። አንዳቸውም የሉም። አድሚን ያደረገው ሁሉ የሚመዘገብበትን ማስታወሻ ከፈትኩ፤ በዚያችው ማታ፣ በተከታታይ፦ መልካሙ አጠፋ፣ መልካሙ አጠፋ፣ መልካሙ አጠፋ።

ተቀመጥኩ። አይቷል። ደቃቁን ፊደል እያንዳንዱን አይቷል። ከዚያ አጥፍቷል። ሁለት ወር አውቆ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ለኔ ብሎ ነው? ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚያጠፋው ሊሸሽግልህ ነው፤ ወይም ቀድቶ ስለጨረሰ ነው። ስክሪኑ ይሄኛው ነው ያኛው ነው አይልም።

ህሊና ስትመጣ አሳየኋት። «አዳነሽ እኮ» አለች። ቆይታ ደግሞ «ወይም…» አለችና አልጨረሰችውም።

ያዳነኝ ሊሆን ይችላል። ከሆነ ምስጋና አለብኝ። አመሰግነዋለሁ ብዬ ግን ስላላየሁት ነገር «ይሁን» አልልም። ምስጋናም እንደ ፍርሃት ነው፤ ድምፅን ከሰው እጅ ይወስዳል።

ሜሴንጀሩን ከፍቼ፣ ሁሉም የሚያነቡት ቦታ፣ ሳልሰርዝ ጻፍኩ፦

«ቂም ያለው አይምረጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ግማሹን አይቼ ሸሽቼ ነው፤ የሽማግሌዎቹ ሕግ እንዲያ አይደለም። ቂም ያለው ቂሙን ይናገራል፣ ከዚያ ይሰማል። የኔ ይኸው፦ መልካሙ እናቴን አሰድቦብኛል፣ እኔም በአባቱ ፊት አዋርጄዋለሁ። እፈራዋለሁም። የሱ ውለታም ሳይኖርብኝ አይቀርም። በሱ ላይ ማስረጃ የለኝም። ድምፄ ያው ‘አይሁን’ ነው። ሁሉንም አውቃችሁ ቁጠሩት። ሌሎቻችሁም ለምን ‘ይሁን’ እንዳላችሁ ተናገሩ፤ ድምፁ እንደገና ይሰጥ።»

ላክሁ። አውራ ጣት የለም። ዮሴፍ አየው። አንድ አንድ እያለ የሁሉም ትንሽ ፎቶ ከሥሩ ተደረደረ። አዩት፣ አዩት፣ አዩት።

ህሊና አጠገቤ ቁጭ ብላለች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች፣ እንደ ትኩስ ድንች። ከዚያ የኔ ስልክ ጮኸ። ከአጠገቤ ነው የላከችው፦

«እኔ ‘ይሁን’ ያልኩት ፈርቼ ነው። ድምፄን እመልሳለሁ።»

አላየኋትም። ብንተያይ እናለቅስ ነበር። ጉልበቷን በጉልበቴ ነካሁ።

አሁን መሽቷል። ማንም አልጨመረም። በሩን እናቴ ቆልፋለች፤ አያቴ ዛሬ እኛ ጋ ነው የማድረው ብለው፣ ምክንያት ሳይሰጡ፣ በሩ ሥር መደብ ላይ ተኝተዋል። እየሰማኋቸው ነው፤ አያንኮራፉም።

ይህን እየጻፍኩ ስልኩን አየሁት። ከህሊና ቃል ሥር የመልካሙ ፎቶ መጣ። አየው። ከጎኑ ሦስቱ ነጥቦች መንቀሳቀስ ጀመሩ።

እየጻፈ ነው።

ቆሙ።

እንደገና እየጻፈ ነው።